ግንብ አይጋጭም

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

«ተሽከርካሪው ከግንብ አጥር ጋር ተጋጭቶ…» የሚል ዜና በጋዜጣችሁም በሌሎች መገናኛ ብዙኃንም ደጋግመን እናነባለን። ግንብ ግን አይጋጭም። ግንብ በተተከለበት ቆሞ ይኖራል፤ የሚመጣበት ሌላ ነው። ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ግማሾቻችን የተሽከርካሪ ጉዳት ገማቾች፣ ግማሾቻችን የአማርኛ ጽሑፍ አራሚዎች ነን። ሥራችን ለየቅል ቢሆንም «ተጋጨ» የምትለዋ ግሥ ላይ ስንደርስ እንገናኛለን። ገማቹ ማን ማንን እንደገጨ ሳይለይ ሪፖርቱን አይፈርምም፤ አራሚው ደግሞ ማን ማንን እንደገጨ የማይናገር ዓረፍተ ነገር ሲያጋጥመው እጁን ይበላዋል። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ቃል አጥቶ ቢሆን ኖሮ ባልደከምን ነበር። ቃሉ ሞልቷል፤ የጠፋው የሚመርጠው ነው።

ከሥሩ እንጀምር። «ገጨ» ባለቤትና ተሳቢ ይፈልጋል። (ተሳቢ ስንል የሰዋስዉን ነው፤ ከከባድ መኪና ኋላ የሚጎተተው ወደ ታች ይመጣል።) ሚኒባሱ ባጃጁን ገጨ። የመጣው ሚኒባሱ ነው፣ የመጣበት ባጃጁ ነው፤ አለቀ። «ተገጨ» ተጎጂውን ፊት አውጥቶ ገጪውን ከመጋረጃ ጀርባ ይተዋል። ባጃጁ ተገጨ፤ በማን? አልተነገረም። «ተጋጨ» ስንል ግን «ገ» ወደ «ጋ» ትለወጣለች። ወጋ ሲል ተዋጋ፣ ገፋ ሲል ተጋፋ እንደሚሆነው ሁሉ፣ ይህች ራብዕ ድርጊቱን ለሁለት የምታካፍል ናት። የተዋጉ ሁለት በሬዎች ሁለቱም ወግተዋል። የተጋፉ ሁለት ሰዎች ሁለቱም ገፍተዋል። የተጋጩ ሁለት መኪኖች እንዲሁ ሁለቱም መጥተዋል ማለት ነው። «ከ… ጋር» ሲጨመርበት ደግሞ ክፍፍሉ ማኅተም ይመታበታል።

ሕዝቡ በዕለት ንግግሩ ይህን ልዩነት አይስትም። «መኪናዋን አጋጫት» ሲል መሪው በሰውየው እጅ እንደነበር እየነገረን ነው። «መኪናውን አስገጨ» ሲል ገጪው ሌላ ሰው ነው፤ ባለመኪናው ግን መጥፎ ቦታ በማቆም ወይም መሪውን ላልለመደ ሰው በመስጠት ትንሽ እጁ እንዳለበት ይጠረጠራል። «ገጨት አድርጎኝ አለፈ» ሲል ጉዳቱ ቀላል መሆኑን፣ «ገጭ አደረገው» ሲል ድንገቱንና ድምፁን አብሮ ያሰማናል። ከዚህችው «ገጭ» «ገጭ ጓ» ወጥታ ትዳር ቤት ድረስ ገብታለች፤ ቤታቸው ገጭ ጓ አያጣውም ይባላል። አንድ ሥር ይህን ሁሉ መልክ ይዞ ሳለ ዜና ክፍል ሲደርስ በአንዲቱ «ተጋጨ» ብቻ ይኖራል።

ነገሩ የአራሚ ቅብጠት ብቻ እንዳይመስልባችሁ ሕጉን እንይ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2084 ሁለት ባለሞተር ተሽከርካሪዎች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል አስተዋፅኦ እንዳደረጉ ይቆጥራል። የእያንዳንዱ ባለቤት ወይም ኃላፊ ከጠቅላላው ጉዳት ግማሹን ይሸከማል። ይህ ግምት የሚፈርሰው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው አሽከርካሪ ጥፋት የደረሰ መሆኑ ሲረጋገጥ ነው። በቁጥር እናስቀምጠው። የአንደኛው መኪና ጉዳት 80,000 ብር፣ የሌላው 20,000 ብር ቢሆን ድምሩ 100,000 ነው፤ ለእያንዳንዱ 50,000 ይደርሰዋል። ስለዚህ ጥቂት የተጎዳው ባለመኪና የራሱን 20,000 ችሎ ለሌላው 30,000 ይጨምራል። ሕጉ «መጋጨት»ን የተረዳው ልክ ሰዋስዉ እንደሚረዳው ነው፤ እኩል ለእኩል። ከትራፊክ መብራት ሥር ቆሞ ከኋላው የተገጨ ሰው ለኢንሹራንስ በሚሞላው ቅጽ ላይ «ተጋጨን» ብሎ ሲጽፍ፣ ሳያውቀው በዚያች ግማሽ ላይ እየፈረመ ነው። መጻፍ የነበረበት «ቆሜ ሳለሁ ከኋላ ተገጨሁ» የሚል ነበር።

ከእግረኛ ላይ ስንመጣ ስሕተቱ ይብሳል። አንቀጽ 2084 የሚናገረው ስለ ተሽከርካሪዎች ነው፤ እግረኛ የሚሸከመው ግማሽ የለውም። ከእሱ በፊት ያለው አንቀጽ 2081 እንዲያውም ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። «ከእግረኛ ጋር ተጋጨ» የሚለው ሐረግ ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን ብረትና 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ተያይተው የተማቱ ያስመስላል። አማርኛው «እግረኛ ገጨ» ነው፤ ሁለት ቃል።

ሌላው ልማድ ባለቤቱን ፈጽሞ ማጥፋት ነው። «በደረሰ የትራፊክ አደጋ የ3 ሰዎች ሕይወት አለፈ።» የደረሰው አደጋው ነው፣ ያለፈው ሕይወት ነው፤ የነዳ የለም፣ የገጨ የለም፣ የገደለም የለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ግን በቸልተኝነት ስለሚደርስ ሞት ሲናገር የሰውን ሕይወትና ደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ ካለባቸው መካከል ሐኪምንና አሽከርካሪን በምሳሌነት ያነሣል። ሕጉ የሚያየውን ሰው ዜናው አያየውም። «ከቁጥጥር ውጭ በመሆን» የምትለዋም የዚሁ ቤተሰብ ናት። ተሽከርካሪ በራሱ ከቁጥጥር ውጭ አይሆንም። ጎማው ፈንድቶ ይሆናል፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ ብሎ ይሆናል፣ በዝናብ ተንሸራቶ ይሆናል፣ ሹፌሩን እንቅልፍ ወስዶት ይሆናል። እነዚህ አራቱ አራት የተለያዩ ዜናዎች ናቸው፤ አንዱ ለመንገድ ባለሥልጣን፣ ሌላው ለጋራዥ፣ ሌላው ለሹፌሩ አሠሪ የሚናገረው ነገር አለው።

ከሹፌሮች አፍ የሚወጣውን ቃል እንዳለ ወደ ዜና ሲገለብጡ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ቅጥያ አለ፤ «-ብኝ»። «ገባብኝ»፣ «ፍሬን ያዘብኝ»፣ «ቆመብኝ»። እግረኛው ዜብራ ላይ እየተሻገረ የነበረ ቢሆንም «ገባብኝ» ሲባል በሹፌሩ ላይ በደል የፈጸመ ይመስላል። ከፊት ያለው መኪና ሕፃን አይቶ ቢቆምም «ፍሬን ያዘብኝ» ሲባል ጥፋቱ ከፊተኛው ይሆናል። እውነቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ርቀት አለመጠበቅ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 16 ሜትር ከግማሽ በላይ ይጓዛል። ሹፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ያቺ ሰከንድ ታልፋለች፤ ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ ቆሞ ለማለቅ 20 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ድምሩ ከ35 ሜትር በላይ ነው። ከፊተኛው መኪና 5 ሜትር ርቆ እየነዳ «ያዘብኝ» የሚል ሹፌር የያዘበት ሰው የለም። ዘጋቢው ይህን ቃል ሲሰማ በጥቅስ ምልክት ውስጥ ያስቀምጠው እንጂ የራሱ ቃል አያድርገው።

ታዲያ ለግንቡ ምን እንበል? ለቆመና ለማይነቃነቅ ነገር አማርኛ «ተላተመ» የሚል ቃል አለው። ሞገድ ከዓለት ጋር ይላተማል፤ ሰው በጨለማ ከበር መቃን ጋር ይላተማል፤ መኪና ከግንብ፣ ከኮንክሪት ምሰሶ፣ ከድልድይ ግድግዳ ጋር ይላተማል። ሰዋስው አዋቂ አንባቢ «ተላተመም እኮ በአወራረዱ የተጋጨ ወንድም ነው፤ ላ አለችበት» ሊለን ይችላል። ልክ ነው። መልኩ የሁለትዮሽ ነው፤ ልማዱ ግን ለይቶታል። ማንም ሰው «ሞገዱ ከዓለቱ ጋር ተላተመ» ሲባል ዓለቱ ተንቀሳቅሶ መጣ ብሎ አይረዳም። ቃሉ ደግሞ ክብደት አለው፤ በኃይል መምጣትንና ድንገት መቆምን ይናገራል። ስለዚህ በእርጋታ ወደ ኋላ ሲሄድ አጥር የነካን መኪና «ተላተመ» ማለት ማጋነን ነው፤ «አጥር ነካ» ወይም «አጥር ገጨ» ይበቃዋል። የመርከብ ሰዎች ለዚህ ልዩነት ጥብቅ ናቸው፤ ሁለት የሚንቀሳቀሱ መርከቦች ሲጋጩ ኮሊዥን፣ መርከብ ቆሞ ያለ ነገርን፣ ለምሳሌ የወደብ ግንብን ሲገጭ አሊዥን ይሉታል። እኛ ያንን ከውጭ መዋስ አያስፈልገንም፤ በቤታችን አለ።

መንገዳችንን ሳንለቅ አንዲት ነገር እንጨምር። የምድር መንቀጥቀጥ ዜና ሲመጣ «የመሬት ንጣፎች በመጋጨታቸው» የሚል ማብራሪያ ይሰማል። ሂማላያን ያቆመው እንዲህ ያለ መጋጨት ነው። አፋርና የስምጥ ሸለቆው ግን ተቃራኒ ናቸው፤ እዚያ ንጣፎቹ ይራራቃሉ እንጂ አይጋጩም፤ ሲራራቁ መካከሉ ስለሚሰምጥም ስሙ ስምጥ ተባለ።

ወደ መኪናው እንመለስ። የጉዳቱን መጠን የሚናገሩት ቃላት ከጋራዥ ቢለመኑ ይሻላል፤ «ክፉኛ ተጎዳ» ምንም አይናገርም። ዝቅተኛው «ነካ» ነው፤ ምልክት ላይተውም ይችላል። ቀጥሎ «ጫረ» ይመጣል። ጭረቱን በጥፍር ሲያስኬዱበት ጥፍር ካልያዘ ከላይኛው የቀለም ሽፋን አላለፈም ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ በፖሊሽ ይጠፋል። ጥፍር ከያዘ ቀለም ያስፈልገዋል። «ፋቀ» ከጫረ ይሰፋል፤ ጎን ለጎን የተሻሹ መኪኖች ይፋቃሉ፤ ስፖኪዮም አብሮ ይሄዳል። «ሰረጎደ» ላሜራው ወደ ውስጥ ሲገባ ነው፤ ቀለሙ ሳይላቀቅም ሊሆን ይችላል። ፓራፋንጎና በር ላይ የሚታየው ይህ ነው፤ ባትላሜራ ያቃናዋል። «ተጨማደደ» ላሜራው እንደ ወረቀት ሲታጠፍ ነው፤ ኮፈኑ ተጨማደደ ይባላል። እዚህ ላይ ደርሶ ሻንሲው (የመኪናው የብረት አጽም) ከታጠፈ ጉዳዩ ከባትላሜራ አልፏል፤ መኪናው ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ ጎማውን በአንድ ጎን ይበላል። «ተጨፈለቀ» ደግሞ ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ራሱ ሲጠብ ነው። በ«ተጨማደደ»ና በ«ተጨፈለቀ» መካከል የሞትና የሕይወት ልዩነት አለ። የዘመኑ መኪና አፍንጫው እንዲጨማደድ ሆኖ ነው የተሠራው፤ የግጭቱን ኃይል ላሜራው በመታጠፍ ይውጠዋል፣ የሰው ክፍሉ ግን እንዳይጨፈለቅ ይጠነክራል። «ፊቱ እንደ ቆርቆሮ ተጨማደደ፤ ርካሽ ዕቃ ነው» የሚለው የቡና ቤት ፍርድ መገልበጥ አለበት።

ስለ መገልበጥ ካነሣን፣ «ተገለበጠ» ከግጭት ጋር አይምታታ። ዞሮ በጣራው ወይም በጎኑ የተኛ መኪና ማንንም ሳይገጭ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። በሙሉ ሽፋን የመድን ውሎች ላይ ግጭትና መገልበጥ ተለይተው የሚጻፉት ለዚህ ነው። «ተንከባለለ» ደግሞ ከአንድ ጊዜ በላይ ሲዞር ነው፤ «ገደል ገባ» ሲባል አንባቢ መንከባለሉን ጨምሮ ይረዳል። መጀመሪያ ገጭቶ ኋላ የተገለበጠ ከሆነ ቅደም ተከተሉ ይነገር፤ ባጃጅ ገጭቶ ተገለበጠና ተገልብጦ ባጃጅ ላይ ወደቀ አንድ አይደሉም።

ሰው ላይ ሲሆን ግሦቹ ለሐኪሙም ይናገራሉ። «ገጨው» እና «ዳጠው» በየቀኑ ይምታታሉ። መኪና የገጨው አዋቂ ሰው ብዙውን ጊዜ ፓራውልቱ (የፊት መከላከያው) እግሩን ይመታዋል፣ ኮፈኑ ላይ ይወጣል፣ ጭንቅላቱ የፊት መስታወቱን ያገኛል፣ ከዚያ መሬት ላይ ይወድቃል። መኪና የዳጠው ሰው ግን ጎማ ሄዶበታል፤ ደረቱ፣ ሆዱ ወይም ዳሌው በክብደት ተጨፍልቋል፤ ከውጭ ብዙ ደም ሳይታይ ከውስጥ ሊደማ ይችላል። ሕፃን ቁመቱ አጭር ስለሆነ ፓራውልቱ የሚያገኘው ደረቱንና ጭንቅላቱን ነው፤ ኮፈን ላይ ከመውጣት ይልቅ ወደ ፊት ወድቆ የመዳጥ ዕድሉ ይበዛል። ግቢ ውስጥ መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ሕፃን ላይ የሚደርሰውም አብዛኛውን ጊዜ መዳጥ ነው። ወደ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ላይ የሚደውል ሰው «መኪና አደጋ ደርሷል» ከማለት «ጭነት መኪና ዳጠው፣ አሁንም ከሥሩ ነው» ቢል ለሚመጣው ባለሙያ ግማሹን ሥራ ሠራለት ማለት ነው። (ዳጠ ከ«ዳምጠው» ጋር ይቀራረባል፤ አስፋልት የሚደለድለውን ያንን ከባድ ማሽን ያየ ሰው ዳጠ ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አይፈልግም።) «ደፈጠጠ» አሁን አሁን ከመንገድ ወጥቶ ፖለቲካ ውስጥ ገብቷል፤ መብት ይደፈጥጣል። ለእግረኛ ሲውል ክብሩን የሚነካ ስለሚመስለን ለዜና አንመርጠውም።

አሁን ያ ቃል የገባንለት ተሳቢ። በሌሊት መንገድ ዳር የተበላሸ ተሳቢ ቆሟል፤ ከኋላው አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን የለም፤ ለምልክት የቆረጡትን ቅጠል ጨለማ ውጦታል፤ የደረደሩት ድንጋይ ቢታይም የሚታየው ዘግይቶ ነው። ትንሽ መኪና ይመጣና «ከሥሩ ይገባል»። ይህ «ከሥሩ ገባ» የሚለው አነጋገር ሁኔታውን በትክክል ይሥላል፤ የተሳቢው የኋላ ወለል ከትንሿ መኪና ኮፈን በላይ ስለሆነ ኮፈኑ ከሥሩ ያልፋል፣ ኃይሉን የሚቀበለው የሚጨማደደው አፍንጫ ሳይሆን የፊት መስታወቱና ጣሪያው ነው። ስለዚህ ፍጥነቱ ከፍተኛ ባይሆንም ጉዳቱ ይከፋል። ዜናው «አውቶሞቢሉ ከቆመ ከባድ ተሽከርካሪ ጋር ተጋጨ» ካለ ሁሉም ጠፋ። «ገጨ» ቢልም ልክ ነው፤ የተንቀሳቀሰው አውቶሞቢሉ ነውና። ግን ገጪ ማለት ጥፋተኛ ማለት አይደለም። «ገጨ» የሚናገረው ማን እንደመጣ ነው፤ ጥፋቱ አንጸባራቂ ሳያደርግ ያቆመው ሰው ሊሆን ይችላል። ሁለቱን ላለማምታታት ዘጋቢው ግሡን ለእንቅስቃሴው፣ ዓረፍተ ነገሩን ደግሞ ለሁኔታው ያውለው፤ «ያለ አንጸባራቂ በጨለማ ከቆመ ተሳቢ ሥር ገባ»። ተሳቢው ከተነሣ በኋላ አስፋልት ላይ ስለሚቀረው ድንጋይ ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋል።

ፍሬን የበጠሰ ከባድ መኪና ቁልቁለት ላይ የቆመ ሰልፍ ሲያገኝ «ጠራረገ» ይባላል። ከ«ተጋጨ» ይልቅ ይህ ይገልጸዋል፤ አንድ መጪ፣ ብዙ ተቀባይ። ሰባት መኪኖች እንደ ሰንሰለት አንዱ ሌላውን ሲገጭ ደግሞ «ተደራርበው ተጋጩ» ማለት ያስኬዳል፤ ከመካከል ያሉት ገጭተውም ተገጭተውም ሊሆን ስለሚችል። ገማች በዚህ ጊዜ የሚጠይቀው ጥያቄ ስንት ጊዜ ድንጋጤው ተሰማህ የሚል ነው። ሦስተኛው ሹፌር መጀመሪያ ከፊት፣ ቀጥሎ ከኋላ ተሰማኝ ካለ አስቀድሞ ገጭቷል፤ መጀመሪያ ከኋላ ከሆነ ተገፍቶ ነው።

«ፊት ለፊት ተጋጩ» የሚለው «ተጋጩ» በትክክለኛ ቦታው የሚቀመጥበት ነው። ግን አንድ የተለመደ ስሌት ይስተካከል። እያንዳንዳቸው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄዱ፣ ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት መኪኖች ፊት ለፊት ቢጋጩ «በ100 ከግንብ ጋር እንደ መላተም ነው» ይባላል። አይደለም። እያንዳንዱ ከ50 ወደ ዜሮ ነው የወረደው፤ ለእያንዳንዱ በ50 ከማይነቃነቅ ግንብ ጋር እንደ መላተም ነው። ጉዳዩ የሚለወጠው ክብደቱ ሲበላለጥ ነው። ቪትዝና የተጫነ ሲኖትራክ በዚያው ፍጥነት ቢጋጩ ቪትዟ ቆማ አትቀርም፤ ወደ ኋላ ተገፍታ ትሄዳለች፣ በውስጧ ላለው ሰው ለውጡ ወደ 100 ይጠጋል፤ የሲኖትራኩ ሹፌር ግን ፍሬን የያዘ ያህል ነው የሚሰማው። ቃሉ «ተጋጩ» ብሎ እኩል ቢያካፍልም ፊዚክሱ አያካፍልም። ፍጥነት ሲጨምር ደግሞ ኃይሉ በካሬ ያድጋል፤ 60 ከ30 እጥፍ ነው፣ በውስጡ የያዘው ኃይል ግን አራት እጥፍ ነው።

አውሮፕላን የራሱ ቃል አለው፤ «ተከሰከሰ»። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቢሾፍቱ አጠገብ 157 ሰዎች ይዞ የወደቀው አውሮፕላን ተከሰከሰ፤ አልተጋጨም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ የደረሰውም የሚጀምረው ከእርግቦች ጋር ነው፤ ሞተሮቹ ወፍ ዋጡ። ወፍና አውሮፕላን ተጋጩ ማለት ዋጠ የሚለውን ቃል ኃይል ያሳጣዋል፤ ጉዳዩ ያለው ወፏ ሞተሩ ውስጥ መግባቷ ላይ ነውና። ባቡርም እንዲሁ። በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ ከ400 በላይ ሰዎች ያለቁበት አደጋ ግጭት አልነበረም፤ ባቡሩ ሐዲዱን ስቶ ገደል ገባ። ባቡር ግመል ሲገጭ ደግሞ «ገጨ» ይባል፤ ግመሏ ወደ ሐዲዱ ብትገባም ባቡር መሪ አዙሮ ሊያልፋት አይችልም፤ ግሡ ማን እንደመጣ እንጂ ማን እንዳጠፋ አይናገርም ያልነው እዚህም ይሠራል።

ከመኪና ውጭ «ተጋጨ» ያለ ነቀፋ የሚኖርባቸው ቦታዎች አሉ። ቀጠሮ ይጋጫል፣ የፈተና ሰዓት ይጋጫል፣ ሐሳብ ይጋጫል፣ ጥቅም ይጋጫል። ከሁለቱ ሰዓቶች አንደኛው አጥፊ አይደለም፤ ክፍፍሉ እኩል ነው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ «ዕቃና ዕቃም ይጋጫል» የሚለው ይህችን እኩልነት አስቦ ነው፤ ማን ጀመረ የሚለውን ጥያቄ ሆን ብሎ ይሸፍናል፣ ለዕርቅ ሲል። ለሽማግሌ የሚያምርበት ለዘጋቢ አያምርበትም። አንድ ወገን ታጥቆ መጥቶ ባልታጠቁ ሰዎች ላይ ሲተኩስ «በተፈጠረ ግጭት ሰዎች ሞቱ» ሲባል ያቺው «ጋ» እዚህም ሥራዋን ትሠራለች፤ የሞተውንም ተኳሽ ታደርገዋለች። ያ ጥቃት ነው። ሁለቱም ታጥቀው ከተታኮሱ ውጊያ ወይም ተኩስ ልውውጥ ነው። ሳይተኩሱ ፊት ለፊት ከቆሙ ፍጥጫ ነው። በቃል ከሆነ ውዝግብ፣ በቡጢ ከሆነ ጠብ። «ግጭት» ሁለቱም ወገን እንደመጡ ሲታወቅ ብቻ ይቀመጥ። ይህ ጉዳይ ከመኪናው ይከብዳል፤ ደብዳቤያችንን በመኪና የሞላነው ግን መኪናው ላይ ማንም ስለማይቆጣና ቃሉ እንዴት እንደሚሠራ በግልጽ ስለሚታይ ነው።

በውጭ ለሚኖሩ ወገኖቻችን ነገሩ በአስተርጓሚ በኩል ይመጣል። አሜሪካ ያለ ሰው «አክሲደንት አደረግሁ» ይላል፤ በዚያች ሐረግ ውስጥ አድራጊው እሱ ራሱ ሆኖ ተቀምጧል፣ ተገጭቶ ቢሆንም። ለመድን ድርጅት ወይም ለፍርድ ቤት የሚያስተረጉም ሰው «ገጨኝ»፣ «ገጨሁት»፣ «ተጋጨን» ሲባል ሦስቱን ሦስት አድርጎ ማስተላለፍ አለበት፤ «ተጋጨን» የተባለው ከልማድ ከሆነ ደግሞ ተናጋሪውን «ከእናንተ ማን እየሄደ ነበር?» ብሎ ያስጠይቀው።

ለዝግጅት ክፍላችሁ የምናቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ዘጋቢው የትራፊክ ፖሊስ ዘንድ ሲደውል ከስንት ሰው ሞተ በፊት እነዚህን ይጠይቅ፤ የቆመው የቱ ነበር፣ የሚንቀሳቀሰው የቱ ነበር፣ መጀመሪያ የተነካው የትኛው ክፍል ነው፣ ሰው ከሆነ ተገጨ ወይስ ተዳጠ፣ አሽከርካሪው የት ነው። ቆሞ ረድቷል ወይስ ገጭቶ አመለጠ የሚለው በተለይ አይቅር፤ ጉዳት አድርሶ ሳይረዱ መሄድ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 ለብቻው የሚያስጠይቅ ነው። መልሱ ገና ካልታወቀ «ተጋጨ» መሸሸጊያ አይሁን፤ «ማን ማንን እንደገጨ ፖሊስ እያጣራ ነው» ማለት ይቻላል።

እንበልና ከዜና ክፍሉ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር መጣ፦ «ትናንት ምሽት አንድ ኮድ 3 የሆነ የጭነት ተሽከርካሪ ከቁጥጥር ውጭ በመሆን ከቆሙ ሁለት ተሽከርካሪዎችና ከአንድ እግረኛ ጋር በመጋጨቱ የአንድ ሰው ሕይወት አለፈ።» ቃሉ 22 ነው። እኛ ብናርመው እንዲህ እንለዋለን፦ «ትናንት ምሽት ቁልቁለት የሚወርድ የጭነት መኪና ሁለት የቆሙ መኪኖችን ጠርጎ አንድ እግረኛ ገጭቶ ገደለ። አሽከርካሪው ‹ፍሬን እምቢ አለኝ› ብሏል።» ይኸኛው 19 ነው። በተረፉት ሦስት ቃላት ቦታውን ጻፉበት።

ከአክብሮት ጋር፣
የጉዳት ገማቾችና የጽሑፍ አራሚዎች
አዲስ አበባ